ብርዱ ከሥር ነው

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ በተጓዥ ይሞላል። ታኅሣሥ 19 ቀን የሚውለውን የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ለማክበር የሚሄደው ምዕመን አዋሽን ተሻግሮ፣ በሚኤሶ አልፎ፣ ብዙዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ እያሉ የሚጠሯት ጭሮ ይደርሳል። ከዚያ በሂርና በኩል ሽቅብ ወደ ቁልቢ ይቀጥላል። በእነዚህ ቀናት የየከተማው አልጋ ቀድሞ ስለሚያዝ ብዙው ሰው የሚያድረው በድንኳን፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በሸራ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ነው። በሥላሴ በዓል ወደ አሰቦት ገዳም የሚወጣው፣ ከሐረርጌ ተነሥቶ ባሌ ወደሚገኘው ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዘው፣ መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ የሚያርፈው የጭነት መኪና ረዳት ችግርም ከዚህ አይለይም።

ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ስንቁና ትራንስፖርቱ በደንብ ይታሰብበታል። መኝታው ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ያኔም የሚነሳው ጥያቄ «ስሊፒንግ ባግ ከማን እንዋስ?» የሚል ነው። ስሊፒንግ ባግ የሌለው ሰው ምንም አልጎደለበትም። በየቤታችን ካለው ነገር ከእሱ የተሻለ መኝታ ማዘጋጀት ይቻላል፤ አንድ ነገር ብቻ ከተገነዘብን። ሜዳ ላይ የሚያድርን ሰው በዋናነት የሚጎዳው ከላይ የሚነፍሰው ብርድ ሳይሆን ከሥሩ ያለው መሬት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ልብስ የሚያሞቀን በክሮቹ መካከል በሚይዘው አየር አማካይነት ነው። ተኝተን ስንጫነው ግን ያ አየር ይወጣል። ከጀርባችን ሥር የገባው ብርድ ልብስ ወይም የስሊፒንግ ባጉ የታችኛው ክፍል በክብደታችን ስለሚተኛ ሙቀት የመያዝ አቅሙ እጅግ ይቀንሳል። መሬቱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከሰውነታችን ሙቀት ሲስብ ያድራል። ለዚህ ነው ሦስት ብርድ ልብስ የደረበ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚነቃው። ከሦስቱ ሁለቱን ከሥሩ ቢያነጥፋቸው ኖሮ ደህና ያድር ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ብርዱ ሰውን ያታልላል። አዋሽ 7 ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በቀትር ሙቀቱ ያስጨንቃል። ጭሮ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቁልቢ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚወርድ፣ አዋሽ ላይ ሹራቡን አውልቆ ሻንጣ ውስጥ የከተተ ተጓዥ ማታ ሌላ አገር ውስጥ ነው ያለው። የታኅሣሥ ሰማይ ደመና ስለሌለው ቀን የተከማቸው ሙቀት ሌሊት በቶሎ ይበተናል። የሐምሌው ቁልቢ ደግሞ በክረምት የሚውል በመሆኑ ብርዱ ላይ እርጥበት ይጨመርበታል።

እንግዲህ ምን ይነጠፍ? በመጀመሪያ መሬቱ ላይ ሸራ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ፣ እርጥበት እንዳይወጣ። ፕላስቲኩ ከሥር እንጂ ከላይ አይለበስም፤ ከላይ ከተለበሰ ላብና ትንፋሽ መውጫ አጥተው ብርድ ልብሱን ሲያረጥቡት ያድራሉ። በሸራው ላይ ሰሌን፣ ከዚያ ፍራሽ። ስፖንጅ ፍራሽ ለዚህ ሥራ የሚናቅ አይደለም፤ ቀላል ነው፣ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ይታሰራል። ውፍረቱን ለመምረጥ ሱቁ ውስጥ በጎንዎ ይተኙበት። ዳሌዎ ወለሉን ከነካ ስስ ነው፤ ወገብዎንም ያሳምምዎታል፣ ብርዱንም አያግድም። ባለሱቁ ቢገረምም ግድ የለም። አዲስ መግዛት ካልተቻለ አጎዛ ወይም ጀንዲ ከብዙ ዘመናዊ ምንጣፍ ይሻላል፤ በተለይ የአጎዛ ፀጉር ቢጫኑትም አየሩን በቀላሉ አይለቅም። ይህም ከጠፋ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ዙሪያ ወቅቱ የማሽላ አዝመራ የሚሰበሰብበት ነው። ደረቅ ቅጠልና ገለባ በጆንያ ሞልቶ መተኛት የአባቶቻችን ብልሃት ነው፤ ባለቤቱን ማስፈቀድ ግን ያስፈልጋል፤ ለከብቶቹ ቀለብ ያስቀመጠው ነውና።

አሁን አሁን በአየር የሚነፋ ፍራሽ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች እየታዩ ነው። ይመቻል፤ ግን ውስጡ ያለው አየር ከመሬቱ ጋር አብሮ ስለሚቀዘቅዝ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ካልተነጠፈበት ከባዶ ስፖንጅ የባሰ ይበርዳል። ከሚኤሶ ቆላ ግራር ሥር ከነጠፉት ደግሞ እሾሁ ከእኩለ ሌሊት በፊት ሥራውን ይሠራል።

ከላይ የሚለበሰውን በተመለከተ ጋቢ ደርቆ እስካለ ድረስ ድንቅ ነገር ነው። ጥጥ ግን በላብ ወይም በጤዛ ከረጠበ ሙቀት መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ቀን ሲጓዙበት የዋሉትን፣ ላብ የነካውን ልብስ ለብሰው አይተኙ፤ ደረቅ ልብስና ደረቅ ካልሲ ለሌሊት ለይተው ያስቀምጡ። ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ያሞቃል። የመንዝ ባና ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ ያለው ሰው እሱን ከላይ፣ ጋቢውን ከውስጥ ያድርግ። ብርድ ልብሱን በቁመቱ አጥፎ እግርጌውንና አንዱን ጎኑን በመርፌ ቁልፍ መያያዝ ስሊፒንግ ባግን የሚተካ ነገር ይሰጣል፤ እግርን መዘርጋትና መገላበጥም ይፈቅዳል። ወገቡን ለሚያመው፣ ለነፍሰ ጡርና ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ለሚነሳ አዛውንት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ጠባብ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በጨለማ ዚፕ መፈለግ ለእነሱ ማደሪያ አይደለም። ስሊፒንግ ባግ ተራራ ለሚወጣ፣ ዕቃውን በጀርባው ለሚሸከም ወጣት የተሠራ ነው፤ በአውቶቡስ የሚሄድ ቤተሰብ ግን የክብደት ጭንቀት የለበትም።

ከአንገት በላይ ያለውን አይርሱ። ሻሽ ወይም የሹራብ ቆብ ይልበሱ፤ አፍና አፍንጫን ግን ሸፍኖ መተኛት ትንፋሹ ልብሱን እንዲያረጥብ ያደርጋል።

ሕፃን ልጅ የያዘች እናት ልጇን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አብራ አትክተት። በሁለት አዋቂዎች መካከል በወፍራም ብርድ ልብስ ሥር ማስተኛትም አፈናን ሊያስከትል ይችላል። ልጁ ከእናቱ ጎን በራሱ ልብስ፣ በጀርባው፣ ፊቱ ሳይሸፈን ይተኛ። በርዶት እንደሆነ የሚታወቀው እጁን በመንካት አይደለም፤ የሕፃን እጅ ደህና ሆኖም ይቀዘቅዛል። ደረቱን ወይም ማጅራቱን ይንኩ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ግን ከሥር ሳይነጥፉ የተኙ ሰዎች ሌሊት ሲበርዳቸው የሚያደርጉት ነገር ነው። ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳኑ ያስገባሉ። የከሰሉ ጭስ አልቆ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ነፍሷል» ይባላል። አደገኛው ያኔ ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ተኝቶ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ሳይሰማው በዚያው ሊቀር ይችላል። የድንኳኑን በር ትንሽ ገለጥ ማድረግ በቂ አይደለም። ሞተሩን አስነሥቶ መኪና ውስጥ መተኛትም ተመሳሳይ አደጋ አለው። አንድ ሰው በዚህ ተጎድቶ ካገኙት መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት፤ ሎሚ በማሽተት ወይም ወተት በማጠጣት ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ሆስፒታል ያድርሱት። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። በአንድ ድንኳን ያደሩ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ጠዋት ራስ ምታት ካማረሩ ምግቡን ከመጠርጠር በፊት ከሰሉን ይጠርጥሩ። የጉዞ ማኅበራትና ድንኳን የሚያዘጋጁ ሰዎች ማታ ድንኳኖቹን ዞሮ ምድጃ የሚያስወጣ ሰው ሊመድቡ ይገባል። ወጪ የለውም።

እንደ ማሞቂያ የሚቆጠሩ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አረቄ ሲጠጣ የሚሰማው ሙቀት ደም ወደ ቆዳ ወጥቶ የውስጡን ሙቀት ሲያባክን የሚፈጠር ስሜት ነው። ጫት በበኩሉ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ በሐረርጌ መንገድ ላይ እየቃመ አምሽቶ ባዶ ሆዱን የተኛ ሰው ሰውነቱ የሚያነደው ነገር የለውም። ከመኝታ በፊት ትኩስ ነገር ከእህል ጋር መቅመስ ከሁለቱም ይሻላል። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ እግርጌ ማድረግም ደህና ዘዴ ነው። የስኳር ሕመም ኖሮባቸው እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ግን አይሞክሩት፤ እየተቃጠሉ ላይሰማቸው ይችላል።

ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚከራዩ ከሆነ አንሶላን ግራና ቀኙን በመስፋት እንደ ከረጢት አድርገው ውስጡ ይተኙ። በልብስ ስፌት ውስጥ የምትደበቀው የሰውነት ቅማል ተስቦና የግርሻ ትኩሳትን ታስተላልፋለች፤ እከክም በመኝታ ልብስ ሊጋባ ይችላል። ወደ ቤት ሲመለሱ በፈላ ውኃ የሚታጠበውን ማጠብ፣ የማይታጠበውን አስሮ ከአንድ ሳምንት በላይ ሳይነኩ ማቆየትና ፀሐይ ማስመታት ያስፈልጋል። ቅማሏ ከሰው ርቃ ከሳምንት የዘለለ ዕድሜ የላትም።

ቆላው ላይ፣ በአዋሽና በሚኤሶ ዙሪያ የሚያድር ሰው ከሁሉ በፊት አጎበር ይያዝ፤ ጫፉንም ከፍራሹ ሥር ይወትፈው። ከቁልቢ ወርደው ድሬዳዋ የሚያድሩትም እንዲሁ። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችውና በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባው አዲሷ የወባ ትንኝ ድሬዳዋም ደርሳለች። ትኩሳቱ ከንክሻው በኋላ ከሳምንት እስከ ሳምንታት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላልና፣ በጥር ወር አዲስ አበባ ውስጥ ቢያተኩስዎ ብርድ መታኝ ብለው አይተኙ። ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ባለሙያው ባይጠይቅዎም በታኅሣሥ ሚኤሶ ወይም ድሬዳዋ ማደርዎን ይንገሩት።