ቡፌው ይተንፍስ!



ለዛሬ ከኩታበር የመጣች አንዲት ደብዳቤ መርጫለሁ። ጸሐፊዋ ካገባች ገና ዓመቷ ነው። እናቷ ለጎጆ መውጫ ያሠሩላት ባለመስተዋት ቡፌ አለ፤ ሪሲቨሩ፣ ቴፑና ስታብላይዘሩ እዚያ ውስጥ ተነባብረው ተቆልፎባቸዋል። ከላያቸው ደግሞ ዳንቴል! ታዲያ ድራማው ሲጦፍ ሪሲቨሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ባል «ሙቀት ነው፤ የቡፌውን ጀርባ ልብሳው» ሲል እሷ «የእናቴን ስጦታ አላስነካም! በኩታበር ብርድ ደግሞ ምን የሚሞቅ ነገር አለ?» ትላለች። ነገሩ ከሮ ይኸው ከተኳረፉ ሳምንት አለፋቸው።

እህቴ፣ ባለቤትሽ እውነቱን ነው። ብርዱ ያለው ደጅ ነው፤ ቡፌው ውስጥ ያለው ዕቃ ግን መልሶ የሚያገኘው ራሱ ያሞቀውን አየር ነው። ደጋው እንዲያውም በአንድ በኩል ይጎዳል። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ መውጣት ላይ ሰነፍ ነው።

መጥፋቱስ ባልከፋ፤ የሚያሳዝነው ቀስ እያለ መሞቱ ነው። ጥገና ቤት የሚገባ ሪሲቨር ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ነው። የሙያው ሰዎች የሚያውቁት ግምት አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። 8 ዓመት የሚያገለግለው 4፣ ከዚያም 2 ይሆናል ማለት ነው።

እንግዲህ ዛሬውኑ ስታብላይዘሩን ከቡፌው አውጪው፤ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ራሱ ምድጃ ነው። ዳንቴሉ ለሶፋው ይሁን። ዕቃዎቹን አታነባብሪ፤ በየዙሪያቸው አንድ አንድ ጋት ክፍት ቦታ ተዪላቸው። አናጢ እስኪመጣም ቲቪ በምታዩበት ሰዓት መስተዋቱን ክፈቺው። ረከቦቱ አጠገቡ ከሆነ ራቅ አድርጊው፤ የከሰሉ አመድና የዕጣኑ ጭስ በመተንፈሻው ገብቶ ይለጠፋል። (ቡናው ይቅር አላልኩም!)

ወደ ጠቡ ስመለስ፣ የቡፌ ጀርባ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ወደ ግድግዳው ስለሚዞር እንግዳ አያየውም። ግን አንድ ቀዳዳ አይበቃም። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ይሁን፤ ቡፌውም ከግድግዳው አንድ ጋት ይራቅ። ይህም ካልበቃ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ፋን ገዝታችሁ ከላይኛው ቀዳዳ ላይ ወደ ውጭ እንዲነፋ አድርጉት።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተሽ ግን ቀዳዳ አያድነውም፤ ሶኬቱን ነቅለሽ ወደ ጥገና ላኪው።

እናትሽን ባለቤትሽ ራሱ ሄዶ ያስፈቅዳቸው፤ ካንቺ ይልቅ ለሱ እሺ ማለታቸው አይቀርም። መጋዙ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ዕቃው በሙሉ ከቡፌው ይውጣ፤ የእንጨቱ ብናኝ ሪሲቨሩ ውስጥ ከገባ ሌላ ደብዳቤ ልትጽፊልኝ ነው።

ሳምንት ያገናኘን!