የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ባሕሩ ጭር ሲል

በነሐሴ በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻዎች መኪና ማቆሚያ ማግኘት ጭንቅ ነው። መስከረም ሲገባ ግን ተማሪው ወደ ትምህርቱ፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ መንገዱም መኝታና ማብሰያ ላላቸው መኪኖች ይለቀቃል። ይህ እትም የሚከተለው እነዚህን መኪኖች ነው።

ጉዞው ከኖርማንዲ፣ ከኤትርታ ነጭ ገደሎች ይነሣና ወደ ሞን ሳን ሚሼል ያመራል። እዚያ ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ የውኃው ከፍታ ልዩነት አንዳንድ ቀን 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዓመቱ ታላላቅ ሙላቶች የተወሰኑት የሚታዩት ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረም አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

የእትሙ ልብ ግን ገጠሩ ነው። ወይን የሚለቀምበት ወቅት ነውና መንደሩ ሁሉ የጭማቂ ሽታ ይሸታል። ፍራንስ ፓስዮን በተባለው ማኅበር የታቀፉ ወይን አምራቾችና ገበሬዎች ዓመታዊ መዋጮ የከፈለን ተጓዥ ለ24 ሰዓት ያህል ያለ ኪራይ በግቢያቸው ያሳድራሉ። እንግዳው መጸዳጃውን በመኪናው ይዞ መምጣት አለበት፤ ወይን ወይም አይብ የመግዛት ግዴታ ግን የለበትም። እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይነት በሰፊው ሊነገርለት ይገባል።

አንድ ጥንቃቄ፦ በጥቅምት ብዙ የካምፕ ሥፍራዎች ይዘጋሉ፤ ብርዱ ሲጠናም በአንዳንድ ማደሪያዎች የውኃ ቧንቧ ይቆለፋል። ታንከሩን ቀድሞ መሙላት ይበጃል።