ከቀጥቃጭ ቤት የወጡ ቃላት

በዛሬው ዓምዳችን መሥራትንና መፍጠርን ስለሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ልንጨዋወት ወደናል። ነገሩን ያስነሳብን ግን መዝገበ ቃላት ሳይሆን አንድ ያሳፈርነው ተማሪ ነው።

ልጁ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ሥራ ለማመልከት በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ቅጽ ሲሞላ «የአባት ሥራ» ከሚለው ላይ ደረሰ። «ፎርጅ» ማለት ብረትን በእሳት አግሎ፣ ቀጥቅጦ ቅርጽ ማስያዝ መሆኑን ያስተማርነው እኛ ነን። ሠሪውን ለመግለጽ በግሡ ጫፍ «ኧር» ይጨመራል፤ «ቲች» ያለው «ቲቸር»፣ «ፋርም» ያለው «ፋርመር» ይሆናል ያልነውም እኛው ነን። ልጁ የተማረውን አምኖ «ፎርጀር» ብሎ ጻፈ። ቅጹን የተቀበለው ጸሐፊ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባትህ ፎርጅድ ሠሪ ነው እንዴ?» አለው። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ቀጥቃጭ» የሚለው ስም በአገራችን ስድብ ሆኖ መኖሩን ለአንባቢ መንገር አያሻም። ማረሻውንና መጥረቢያውን ከሰውየው እጅ ይቀበላሉ፤ ሰውየውን ግን ያርቃሉ። አላህ (ሱ.ወ) ብረትን ያገራላቸው ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ጥሩር ይሠሩ እንደነበር መድረሳ የቀራን ሁሉ እያወቅን! ልጁም ከአማርኛው ስድብ ሸሽቶ በእንግሊዝኛው ወንጀል ላይ ወደቀ።

ቃሉ ከየት መጣ? በላቲን «ፋበር» ማለት ባለ እጅ፣ በተለይም ቀጥቃጭ ነበር። የሚሠራበት ቤት ደግሞ «ፋብሪካ» ይባላል። አዎን፣ ያው እኛ የምናውቀው ፋብሪካ! ወደ አማርኛ የገባው በጣሊያንኛ በኩል ነው። ፈረንሳዮች ያንኑ ቃል በአፋቸው አሳጥረው «ፎርጅ» አደረጉት። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ሲጎርፉ እርሱም ገባ። «ፋብሪኬት» የሚለውም የዚያው ቤት ልጅ ነው፤ በብረታ ብረት ሠራተኛ አፍ ቆርጦና በይዶ መገጣጠም ሲሆን በፍርድ ቤት ግን የሌለ ማስረጃ መፈብረክ ነው። እንግዲህ «ፋብሪካ ተከፈተ» ሲባል የምናጨበጭብለት ቃልና «ፎርጅድ ተያዘ» ሲባል የምንሸሸው ቃል ከአንድ ቀጥቃጭ ቤት የወጡ ወንድማማቾች ናቸው።

በእንግሊዞች ብቻ አንፍረድ። እኛስ አላህ ሰማይና ምድርን «ፈጠረ» ብለን፣ ጎረቤታችንን ደግሞ «ወሬ ፈጠረ» እንል የለም? በዐረብኛም «ኸለቀ» ፈጠረ ሲሆን፣ ከዚሁ ሥር የወጣው «ኢኽተለቀ» ውሸት ቀጠፈ ማለት ነው። በሱረቱል ዐንከቡት 17ኛ አንቀጽ ራሱ «ኸለቀ» የሚለው ግሥ ለሐሰት ተነግሮ ይገኛል። እጅ የሌለውን እንደሚያስገኝ ምላስም የሌለውን ያስገኛልና ቃሉ ለሁለቱም ይውላል።

«ክሪኤት» የሚለውን ለሰው መጠቀም ነውር ይሆን ብለው የሚጠይቁን ወጣቶች አሉ። ቃሉ ዛሬ ለልብስ ነዳፊውም ለማስታወቂያ ሠሪውም ይነገራል፤ «ሥራ ፈጠርኩ» የሚልም ሰው ከምንም አስገኘሁ ማለቱ አይደለም። ይልቅ የሚያስቸግረን ትንሹ «ሜክ» ነው። «ሜክ ዘ ቤድ» የሚለውን አንዲት ተማሪያችን «አልጋውን ሥራ» ብላ ተርጉማ አናጺ አስጠርታለች፤ አልጋውን አንጥፍ ለማለት ነው። «ሜክ መኒ» ደግሞ ብር ማተም ሳይሆን ሠርቶ ገንዘብ ማግኘት ነው።

ለልጁ ትክክለኛው ቃል «ብላክስሚዝ» መሆኑን ነግረን ሌላ ቅጽ አስሞላነው። ከዚያም አውፍ ለማለት አባቱ ዘንድ ሄድን። ማረሻ እየቀጠቀጡ ነበር። ልጃቸው የጻፈው ቃል ሐሰተኛ ሰነድና ሐሰተኛ ብር የሚሠራን ሰው እንደሚያመለክት ስንነግራቸው መዶሻውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉን፦

«ኡስታዝ፣ ብር መሥራት ባውቅ ኖሮ ይህን ወናፍ ስነፋ የምውል ይመስልዎታል?»