እንደርታ በማሊያ ላይ ብቻ እንዳትቀር

በ2011 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው የመቐለ ቡድን ሙሉ ስሙ መቐለ 70 እንደርታ ነው። ስሙን በስታዲየም የሚጠራው ደጋፊ ስፍር ቁጥር የለውም። እንደርታ ማለት ግን ከኳሱ በፊት መቐለን የከበበው የገበሬ አገር መሆኑን እኛ ከተሜዎች እየረሳነው የመጣን ይመስለኛል። ኲሓና ዓይናለም እንኳ በየራሳቸው ስም የሚጠሩ ቦታዎች ነበሩ፤ ዛሬ በከተማው ክልል ውስጥ ናቸው።

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት የስፖርትንና የመሬትን ነገር ነው። ትግራይ የብስክሌት አገር ናት። ከመቐለ የወጣው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ልጆቹ የሚለማመዱት ግን ባብዛኛው ከአይሱዙ ጋር እየተጋፉ በመኪና መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ነገ አንድ ባለሥልጣን ተነስቶ «ከከተማው ዳር የውድድር ሜዳ ይሠራ፣ ያለውም ይስፋ» ቢል ከሚያጨበጭቡት አንዱ እኔ ነኝ። ካጨበጨብኩ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በማን ማሳ ላይ?

በአገራችን ማሳ ወደ ሜዳ የሚለወጠው በመጀመሪያ በወረቀት ነው። ትናንት «እርሻ» የነበረው ቦታ በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ በሌላ ቀለም ይቀባል፤ ግሬደሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለረጅም ዓመታት የሠራው አዋጅ ቁጥር 455/1997 «የሕዝብ ጥቅም» የሚለውን ሲተረጉም፣ አግባብ ያለው አካል በከተማ መዋቅራዊ ፕላን ወይም በልማት ዕቅድ መሠረት እንዲያ ብሎ የወሰነው የመሬት አጠቃቀም ነው ይል ነበር፤ ጥቅሙም ቀጥተኛም ሆነ ተዘዋዋሪ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ልብ በሉ። የሕዝብ ጥቅም ምንድን ነው ቢሉ ፕላኑ የሚለው ነው። ፕላኑ ለምን እንዲህ አለ ቢሉ ለሕዝብ ጥቅም ነው። የብስክሌት መም እንኳ እንዲህ አይዞርም።

ገበሬው ፍርድ ቤት አይሄድም ወይ? ይሄዳል። በዚያ አዋጅ የሚሄደው ግን ስለ ካሳው መጠን ለመከራከር ነው። ይግባኙ እንዲታይለትም መሬቱን አስቀድሞ ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ነበረበት። ማሳህን አስረክብና ስለ ማሳህ ተከራከር ማለት ነው! ሕግ ለተማረ ሰው ይህ ያሳፍራል።

በካሳው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ ይከፈለው የነበረው የመፈናቀያ ካሳ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነው። መሬቱ ራሱ ዋጋ የለውም፤ የሚቆጠረው ምርቱና በላዩ ላይ ያፈራው ንብረት ነው። ያው መሬት ከተማው እጅ ገብቶ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ግን በካሬ ሜትር ዋጋ ይወጣለታል። ከገበሬው ጋር ሲሆን የጤፍና የገብስ ሒሳብ፣ ከነጋዴው ጋር ሲሆን የከተማ ሒሳብ። ቅሬታው የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ይመስለኛል እንጂ ገበሬው ስፖርት ወይም ልማት ጠልቶ አይደለም።

ሜዳ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ ጊንጪን ያስታውስ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ተቃውሞ ሲነሳ ከመነሻዎቹ አንዱ የመጫወቻ ሜዳ ለባለሀብት ተሰጠ መባሉ ነበር፤ ሌላው የጭልሞ ደን ነው። እሳቱ ቀደም ሲል በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ካስቆጣው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ጋር ተገናኘ። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ተነገረ፤ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ። አስቀድሞ ገበሬውን መጠየቅ ስንት ያስወጣ ነበር?

የከተሜ ጩኸት ደግሞ ይሰማል። የፈረስ ግልቢያና የአገር አቋራጭ ሩጫ ሜዳ የሆነው ጃን ሜዳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ሲገባበት አዲስ አበቤው ተንጫጫ፤ ገበያውም ከ2013ቱ ጥምቀት በፊት ተነሳ። ደግ ተደረገ። ነገር ግን ሜዳ ወደ ገበያ ሲለወጥ የምንጮኸውን ያህል ማሳ ወደ ሜዳ ሲለወጥ ጮኸን እናውቃለን?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 1997 ዓ.ም. በታወቀው የኬሎ ጉዳይ፣ የኒው ለንደን ከተማ የነዋሪዎችን ቤት ለኢኮኖሚ ልማት መውሰዱን 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ፈቀደ። የእኛ አዋጅ 455 የወጣው በወሩ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ መንፈሱ ግን አንድ ነው። ልማቱ ያጅበዋል የተባለው የፋይዘር ኩባንያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከከተማው እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ቦታውም ለዓመታት ሣር በቀለበት። እኛም ዘንድ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ምርቱ ቆሟል። ተዘዋዋሪ ጥቅም የሚባለው ነገር እንዲህ በአንድ ቀን ሊቆም ይችላል፤ የለቀቀው ገበሬ ግን ወደ ማሳው አይመለስም።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዙውን ነገር እንዳሻሻለ መካድ አይገባም። አሥሩን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጓል፤ አማካዩን ትቶ ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን ገቢ ይዟል። ባለይዞታው መሬቱን ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኝ፣ ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት እንዲመከር፣ ቅሬታ ሰሚ አካል እንዲቋቋምም ደንግጓል። ትግራይ ውስጥ በወጉ ሳይፈተን ጦርነቱ መጣ እንጂ።

ያም ሆኖ ምክክሩ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት ነው። «እዚህ ይሁን ወይስ እዚያ ድንጋያማው ላይ?» የሚለው ቁልፍ ጥያቄ ያን ጊዜ በካርታው ላይ አልቋል። የከተማ ፕላን አዋጁ (574/2000) ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበት ይላል። የትኛው ሕዝብ? ከወሰኑ ማዶ ያለው ገበሬ የከተማው ነዋሪ አይደለም፤ መስመሩ የተሻገረበት ቀን ግን የከተማው «ተነሺ» ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43(2) ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት ሲሰጥ ከተሜና ገጠሬ ብሎ አልለየም።

እኔ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚታተመው፤ የእንደርታ ገበሬ ደግሞ ትግርኛ ተናጋሪ ነው። ረቂቅ ካርታው ገና በእርሳስ ሳለ በትግርኛ ተጽፎ፣ የየማሳው ወሰን ተለይቶ፣ በየጣቢያው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። ተቃውሞ ያለው ሰው ስለ ብሩ ብቻ ሳይሆን ስለ መስመሩ ዳኛ ፊት ይቁም፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ማሳው በእጁ ይቆይ። ሜዳው ለአንድ ክረምት ቢዘገይ ብስክሌተኞቹ እንደለመዱት በአስፋልቱ ይጋልባሉ።