ለቢራ በዓል ሌሊቱን መጓዝ ያስነውራልን?

መስከረም በጠባ ቁጥር በኢጣልያ በምንማረው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መካከል አንድ ክርክር ይነሣል። ከፊሉ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ ከሮማ በሚነሣው የማታ ባቡር ወደ ሙኒክ፣ ኦክቶበርፌስት ወደሚባለው ታላቅ የቢራ በዓል ይሄዳል። የቀረው ደግሞ፣ «ወላጅ ጥሪቱን አሟጦ ለትምህርት የላከው ልጅ አንድ ብርጭቆ ቢራ ፍለጋ ድንበር ይሻገራልን?» እያለ ይወቅሳል። እኔም ከሄዱት አንዱ ነኝና አስተያየቴን እንድሰጥ ይፈቀድልኝ።

ወቃሾቹ ስለ ገንዘቡ የሚሉት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በበዓሉ ድንኳኖች አንድ ሊትር ቢራ ከ13.60 እስከ 15.30 ዩሮ ይሸጥ ነበር። ራሱን አብስሎ የሚበላ ተማሪ በዚህ ገንዘብ ፓስታና ሽንኩርት ገዝቶ ብዙ ቀን ይሰነብትበታል። ስለዚህ ሙኒክ ለመጠጥ ብቻ የሚኬድበት ከሆነ እኔም ከወቃሾቹ ጋር ነኝ፤ ቢራ በሰፈራችንም አለ። ነገር ግን ያላዩት አገር አይናፍቅም ብሎ ቤቱ የሚቀር ሰው የማያገኛቸው ሦስት ነገሮች በዚያ መንገድ አሉ።

የመጀመሪያው ከባቡሩ ውስጥ ነው። በማታው ባቡር አልጋ አለ፤ ለእኛ ኪስ የሚስማማው ግን ስድስት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያድርበት ክፍል ነው። በክፍላችን ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ አንዲት ኢጣልያዊት እናት ብርቱካን እየላጡ ለሁላችንም ያድሉን ነበር። ሲነጋጋ ባቡሩ ከኦስትሪያ ወደ ጀርመን ሲገባ ጠባቂዎች በሩን ከፈቱ። ጀርመን በዚህ ድንበር ቁጥጥር የጀመረችው ስደተኛው በበዛበት በ2015 ነው። ከስድስታችን ወረቀት የተጠየቅነው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና አንድ የጋና ልጅ። እኒያ እናት ሳይጠየቁ የራሳቸውን መታወቂያ አውጥተው ቢዘረጉ፣ ጠባቂው «የእርስዎን አልፈለግሁም» አላቸው። ክፉ ቃል የተናገረን የለም፤ ፈቃዳችንም ታይቶ ተመለሰልን። ሆኖም ስድስታችንም የገዛነው ቲኬት አንድ ዓይነት ነበር።

ሁለተኛው ሜዳው ነው። በጥቅምት 1810 የባቫሪያ አልጋ ወራሽ ሉድቪግ ልዕልት ቴሬዛን ሲያገባ፣ ለሰርጉ ደስታ ከከተማው ቅጥር ውጭ በነበረው መስክ የፈረስ ግልቢያ ተደረገ፤ መስኩም በሙሽራይቱ ስም ተጠራ። ዛሬ ሙኒክ መሬት እጅግ ከተወደደባቸው የጀርመን ከተሞች አንዷ ናት። 42 ሄክታር የሚሆነው ያ ሜዳ ግን ፎቅ ሳይሠራበት ከከተማው መካከል አለ። ለበዓሉም መግቢያ አይከፈልም፤ በ2024 6.7 ሚሊዮን ሰው ገብቶበታል። ታዲያ መግቢያው ነጻ ነው እንጂ ወንበሩ ነጻ አይደለም። በትልልቆቹ ድንኳኖች ብዙው ገበታ አስቀድሞ የተያዘ ነው፤ ቢራ የማቅረብ መብት ያላቸውም ስድስት የሙኒክ ጠማቂዎች ብቻ ናቸው። አሥር ሙሉ ብርጭቆ ባንድ ጊዜ ታቅፈው የሚሮጡትን ሴቶች ያየ ሰው፣ የአንዱ ፈንጠዝያ የሌላው ድካም መሆኑን ይረዳል። ከጣቢያው ወደ ሜዳው በሚወስደው መንገድም ሽማግሌዎች ባዶ ጠርሙስ ይለቅማሉ፤ አንዱ የቢራ ጠርሙስ ሲመለስ 8 ሳንቲም ያስገኛል። በሀብታም አገርም ድኻ እንዳለ ይህን ከማየት የበለጠ የሚያስተምር የለም።

ሦስተኛው በዋናው መግቢያ አጠገብ የቆመው መታሰቢያ ነው። መስከረም 26 ቀን 1980 በፈረንጆች አቆጣጠር በዚያ ቦታ ቦምብ ፈንድቶ 13 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ከሟቾቹ አንዱ ቦምቡን ያኖረው የ21 ዓመት ጀርመናዊ ተማሪ ነው። ድርጊቱ የቀኝ አክራሪ ጥላቻ የወለደው መሆኑን የጀርመን ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በ2020 በይፋ አስታወቀ፤ አርባ ዓመት መሆኑ ነው። ልብ እንበል፤ ያን ሞት ያመጣው ከድንበር ማዶ የመጣ እንግዳ አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ፣ እንደ እኛ ደብተር የያዘ ወጣት ነበር። ትምህርት ብቻውን ሰውን ከጥላቻ እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

ይህ በዓል ሁልጊዜ ከመስቀላችን ጋር ይገጥማል። ደመራ በሚበራበት ሰሞን በባዕድ ሜዳ የቆመ ልጅ አገሩን ማሰቡ አይቀርም። እኔ ያሰብሁት ጃን ሜዳን ነው። ጥምቀትን የምናከብርበትን እንዲህ ያለውን የጋራ መስክ፣ መሬት ስለ ተወደደ ብቻ ለሕንፃ አሳልፎ መስጠት እንደማይገባ ሙኒክ ታሳያለች። የእኛ በዓል ደግሞ ለሙኒክ የሚያሳየው አለ፤ በጥምቀት ሜዳ ለመቆምና ለመዘመር ወንበር በገንዘብ አይያዝም።

ስለዚህ ለወቃሾቹ የምለው፣ ጉዞውን ሳይሆን ዐይንን ጨፍኖ መጓዝን ውቀሱ ነው። ለሚሄዱትም ምክሬ አጭር ነው። ስንቃችሁን ቋጥራችሁ በመቀመጫው ክፍል ሂዱ፤ አንድ ብርጭቆ ይበቃችኋል። ከመታሰቢያው ፊት ጥቂት ቁሙ፤ ጠርሙስ ለቃሚውንም ሰላም በሉት። በድንበሩ ላይ ከጎናችሁ ያለው ሰው ብቻውን ሲጠየቅ ደግሞ፣ እንደ እኒያ እናት የራሳችሁን ወረቀት ዘርጉ። ስትመለሱም ስንት እንደ ጠጣችሁ ሳይሆን ምን እንዳያችሁ በማኅበራችን ስብሰባ ንገሩን።