ዕረፍት የለሽ ስለ ሆኑ ሕፃናት አስተዳደግ

በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች፥ እንደ ሌላውም አገር ሁሉ፥ ተቀመጥ ሲባል የማይቀመጥ፥ የጀመረውን ሳይፈጽም ወደ ሌላ የሚዘል ልጅ ብዙ ጊዜ እልከኛ ተብሎ ይገረፋል። ፈጣን ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም፤ ነገር ግን ጠባዩ በቤትም በትምህርት ቤትም ከስድስት ወር በላይ ከጸናበት፥ ሐኪሞች የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር የሚሉት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ልጅ አለንጋ አይጠቅመውም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ስቲል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ለለንደን ሐኪሞች በሰጠው ትምህርት፥ እንደነዚህ ያሉት ልጆች በተቀጡ በጥቂት ሰዓት ያንኑ ጥፋት እንደሚደግሙ አስረድቶ ነበር።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጓቸዋል፤ ዱላውን ያስቀመጠ መምህር ግን በምትኩ ዘዴ ያስፈልገዋል። ይኸውም ልጁን ከፊት ማስቀመጥ፥ ጥቂት ሲያርፍ ወዲያው ማመስገን፥ እግሩ ሲቸኩል ጠመኔ አምጣ ብሎ መላክ ነው። እናትም ውሃ ቅዳ፥ የእንሰት ቅጠል ቁረጥ፥ ጥጃውን መልስ ብላ በአንድ ትንፋሽ ከምታዝ፥ አንዱ ሲፈጸም ሁለተኛውን በለዘበ ቃል ብትናገር መታዘዝ ይቀለዋል። ስለ በትር የተጻፈውን የሚጠቅሱ ካህናትም፥ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ መጻፉን አብረው ቢያስተምሩ መልካም ነው። የዞኑ የትምህርት ሹማምንትም በከተማው ካለው ዩኒቨርሲቲ ጋር ተማክረው፥ መስከረም ሳይጠባ ይህን ዘዴ ለመምህራን ሊያስተምሩ ይገባል።