ሚናራው ከፍ ሲል ከሥሩ የሚያልፈው ማን ነው?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ መስጂድ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡም ጉልበቱም የጀመዓው ነው። እሁድ እሁድ ወጣቱ አሸዋ ያመላልሳል፣ ብሎኬት ይቀባበላል። ሶላቱ ግንባታው ሳይቆም ይሰገዳል፤ የመድረሳ ልጆችም በርብራቡ ሥር ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ይህ ያኮራናል። ነገር ግን ሚናራው ከፍ ባለ ቁጥር አብሮት ስለሚያድገው አደጋ በኮሚቴዎቻችን ስብሰባ ሲወራ ብዙም አንሰማም።

ከግንበኛ እጅ ያመለጠ መዶሻ ከ5 ሜትር ሲወድቅ በአንድ ሰከንድ መሬት ይደርሳል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ20 ሜትር 71፣ ከ45 ሜትር ደግሞ 107 ይሆናል። ከፍታው አራት እጥፍ ሲያድግ ፍጥነቱ የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ይህ ግን አያጽናናም። የምቱ ጉልበት የሚያድገው በከፍታው ልክ ስለሆነ የ20 ሜትሩ መዶሻ የ5 ሜትሩን አራት እጥፍ ይመታል። «ትንሽ ድንጋይ ናት» ማለትም አያዋጣም፤ በዚህ ከፍታ ትንሿም ትልቁም የሚደርሱት በተቀራራቢ ፍጥነት ነው። ከላይ «ዞር በሉ!» ተብሎ ቢጮህስ? ከ20 ሜትር ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ነው። ሰው ደግሞ ሲጠራ ቀና ይላል፤ ፊቱን ይሰጣል።

ደሴ ላይ ነገሩ ይብሳል። በጦሳ ግርጌ ተዳፋት ላይ የቆመ ሕንፃ ከላይኛው መንገድ ሲያዩት ሁለት ፎቅ፣ ከታችኛው አራት ሊሆን ይችላል። የወደቀው ድንጋይም ባረፈበት አይቀርም፤ ቁልቁል ይንከባለላል። አጥሩ ግን የሚታጠረው በዋናው በር በኩል ነው። ኮምቦልቻን በዚህ ረገድ ሜዳው ያግዛታል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2015፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ በመካ መስጂደል ሐረም ክሬን ወድቆ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። የጣለው ኃይለኛ ነፋስ ነበር፤ ምርመራው ግን ክሬኑ ሥራ ባቆመበት ሰዓት ክንዱ ከፍ ብሎ መተዉን አረጋግጧል። በዚያ የተከበረ ስፍራ የደረሰ እኛ ሰፈር አይደርስም ማለት አንችልም። ተወኩል ግመሏን ካሰሩ በኋላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህ የተቀጠረውን ግንበኛ ይመለከታል። ለአላህ ብሎ እሁድ የመጣው ወጣት ግን ቅጥር የለውም፤ ቢጎዳ የሚደርስለት ያው መዋጮ ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ በኮሚቴው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ሄልሜት ያስፈልጋል፤ ሆኖም ከሚናራ ጫፍ የሚመጣ ብሎኬትን አያቆምም። ከርብራቡ ሥር መረብ ይወጠር፣ መዶሻው በገመድ ይታሰር፣ በርብራቡ ጠርዝ ጣውላ ይመታ፣ በሶላት ሰዓት ከላይ ያለው ሥራ ይቁም። የታችኛው በር ደግሞ ሚናራው እስኪያልቅ ይዘጋ፤ የመድረሳ ልጆች ዞረው ይግቡ።